ለአካል ብቃት መሣሪያ የግድ ያስፈልጋልን?

የከተማ ነዋሪ ስለ ጤናው ሲያስብ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው መሮጫ ማሽን፣ የክብደት ብረትና የጂም ወርኃዊ ክፍያ ነው። ክፍያው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ወይም በቤቱ በቂ ስፍራ የሌለው ሰው እንቅስቃሴውን «ሁኔታዎች እስኪመቻቹ» ያቆየዋል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ግን ይህን ቀጠሮ አይጠብቁም። ስለዚህ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ በአግባቡ ሊመረመር ይገባል። ጥያቄው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የልብና የሳንባን ብቃት፣ ሁለተኛው የጡንቻን ጥንካሬ ይመለከታል። የሁለቱም መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የልብና የሳንባ ብቃት

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በዚህ ዘርፍ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች የሚሠሩ ሾፌሮችንና ቲኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሾፌሩ የሥራ ሰዓቱን ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ቲኬት ቆራጩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ይወጣና ይወርድ ነበር። በልብ የደም ሥር ሕመም የሚጠቁት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ለቲኬት ቆራጮቹ «መሣሪያ» የሆናቸው የአውቶቡሱ ደረጃ ብቻ ነበር።

ይህ ማስረጃ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሞሪስና ባልደረቦቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መርምረው፣ ሾፌሮቹ በወጣትነት ዕድሜያቸው ጭምር ወገባቸው የሰፋ እንደ ነበር አመልክተዋል። በመሆኑም ከልዩነቱ ከፊሉ ሥራው ካስከተለው ለውጥ ሳይሆን፣ ወደ ሥራው ከገቡት ሰዎች ተፈጥሯዊ ሁኔታ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች የእንቅስቃሴንና የልብ ጤናን ቁርኝት አጽንተዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጡንቻ ተጨማሪ ኦክስጅን ሲፈልግ ልብ ምቱን ያፈጥናል፤ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨውንም ደም ይጨምራል። ፍላጎቱን የቀሰቀሰው መሮጫ ማሽን ይሁን ዳገት ለልብ ልዩነት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእግር ጉዞ፣ የጉልበት ሥራና የቤት ውስጥ ሥራም ከዚሁ ይቆጠራሉ። እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት የሚለው የቀድሞ ቅድመ ሁኔታም ቀርቷል። መካከለኛ የሚባለውን ደረጃ ለመለየትም መለኪያ አያስፈልግም፤ ሰው እየተራመደ መናገር እየቻለ መዝፈን ካቃተው እዚያ ደርሷል።

የጡንቻ ጥንካሬ

ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ የሆነ ጫና ሲያርፍበት፣ ጫናውም ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ነው። ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በእጆቹ ይሸከማል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ለ8 ሳምንታት ፑሽ አፕ የሠሩና ተመጣጣኝ ቀላል ብረት የገፉ ወንዶችን አነጻጽሮ፣ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ የጡንቻ ዕድገት አግኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ውጤቱ ከላይ ከተገለጸው መርሕ ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ የሰውነት ክብደት እንደ ብረት በኪሎ እየተመጠነ አይጨመርም። ጀማሪ በግድግዳ ተደግፎ ሊጀምር፣ የበረታው ደግሞ እግሩን በርጩማ ላይ በማሳረፍ ወይም ቁጭ ብድግን በአንድ እግር በመሥራት ጫናውን ሊያከብድ ይችላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው የጀርባ ጡንቻ ነው። የጀርባ ጡንቻ መሳብን ይፈልጋል፤ ወለልን ግን መግፋት እንጂ መሳብ አይቻልም። እዚህ ላይ የሚሳብ ነገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ግን ውድ መሆን የለበትም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በየቤቱ የሚገኝ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከ5 ኪሎ ተጀምሮ በየሳምንቱ ሊጨመርበት የሚችል ክብደት ነው።

መሣሪያ የሚተካው ሲጠፋ

መሣሪያ ከምቾት አልፎ አስፈላጊ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከቀዶ ሕክምና የሚያገግም ሰው ጫናው በትክክል ሊለካለት ይገባል። የልብ ሕመምተኛ በባለሙያ ክትትል ሥር በማሽን ላይ መራመዱ ለደኅንነቱ ይበጃል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በቋሚ ብስክሌት የሰውነቱን ክብደት ሳይሸከም ልቡን ማሠራት ይችላል። ጎዳናው ለደኅንነት የሚያሰጋ ለሆነበት ሰው ደግሞ ማሽኑ የመንገድ ምትክ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ እንደሚታየው መሣሪያ ጫናን ይለካል፣ ይመጥናል፣ አልፎ አልፎም ከጉዳት ይጠብቃል። ብቃትን የሚያስገኘው ግን በጫናው ላይ ያለማቋረጥ መሥራት ነው። ለልብና ለሳንባ ብቃት፣ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው፣ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ ለጡንቻ ጥንካሬም ጥቂት ቀላል ነገሮች ይበቃሉ። ይህ መደምደሚያ ግለሰቡን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መራመድ ዋነኛው እንቅስቃሴ ከሆነ፣ ያልተሰበረና ያልተዘጋ የእግረኛ መንገድ ከሕዝብ ጤና መሣሪያዎች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል።