የጃፓን ፍልውሃዎችና የቅንጦት ማረፊያዎች፦ ዋጋ ሌላ፣ ውሃ ሌላ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ እንግዶች ጃፓን ገቡ። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ይህን ያህል ሰው ገብቶ አያውቅም። በዚያው ዓመት አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ በመመንዘሩ፣ ቀድሞ የማይቀመሱ ይባሉ የነበሩ አልጋዎች ለባለ ዶላር መንገደኛ ቀለሉለት። በሐምሌ ደግሞ በማትሱያማ ከተማ የሚገኘው የዶጎ ፍልውሃ ዋና ሕንፃ አምስት ዓመት ተኩል የፈጀ እድሳት አልቆለት ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ይህ በ1894 የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ሕንፃ በአገሪቱ ስመ ጥር ከሆኑት መታጠቢያዎች ዋነኛው ሲሆን፣ ማንም ጥቂት ከፍሎ የሚታጠብበት የከተማው ሕዝብ መታጠቢያ ነው።

ማረፊያዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ባህላዊው ሪዮካን ነው። እንግዳው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ለብሶ፣ ታታሚ በሚባል የሣር ምንጣፍ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ያድራል፤ ሂሳቡም አብዛኛውን ጊዜ እራትና ቁርስን ጨምሮ በነፍስ ወከፍ ይታሰባል። በያማናሺ የሚገኘው ኬኡንካን በ705 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ሲሆን፣ ጊነስም የዓለማችን አንጋፋ ሆቴል ብሎ መዝግቦታል። ሁለተኛው ወገን ምዕራባዊው ሆቴል ነው፤ በሃኮኔ ፉጂያ በ1878፣ በቶኪዮ ኢምፔሪያል በ1890 ተከፍተዋል። የቅርብ ጊዜው ፈሊጥ ሁለቱን ማጋባት ነው። በ2016 የተከፈተው ሆሺኖያ ቶኪዮ በከተማዋ የባንክ ሠፈር መሐል 1,500 ሜትር ከተቆፈረ ጉድጓድ በሚወጣ ፍልውሃ ይጠቀማል፤ በ2020 ደግሞ ሪትዝ ካርልተን በኒኮ የፍልውሃ መታጠቢያ ያለው ሆቴል ከፈተ።

ከፍልውሃ መንደሮቹ ሃኮኔ ለቶኪዮ ቅርብ በመሆኗ፣ ኪኖሳኪ እንግዶች በዩካታ እየተዘዋወሩ በሚታጠቡባቸው ሰባት የሕዝብ መታጠቢያዎቿ፣ ቤፑ በውሃዋ ብዛት ይታወቃሉ። ኩሳትሱ ግን ለብቻዋ የምትታይ ናት። ውሃዋ ብርቱ አሲድ ነው፤ ከምንጩ ሲወጣም ሙቀቱ 50 ዲግሪ ያልፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨመርበት ስለሚቀጥን፣ ሴቶች በገንዳው ዙሪያ ቆመው እየዘፈኑ በረጃጅም ሳንቃ እያማሰሉ ያበርዱታል። ይህ ሥራ ዛሬ ለጎብኚ የሚታይ ትርዒት ቢሆንም፣ መነሻው ውሃውን ሳያቀጥኑ የማቀዝቀዝ ዘዴ ነው።

ዋናው ክርክር ያለውም እዚሁ፣ በውሃው ላይ ነው። የ1948ቱ የፍልውሃ ሕግ ከመሬት ሲወጣ 25 ዲግሪ የሞቀ ወይም ከ19 ንጥረ ነገሮች አንዱን በተወሰነ መጠን የያዘ ውሃን ፍልውሃ ይለዋል። መሬት በጥልቀት በተቆፈረ ቁጥር ሙቀቷ ስለሚጨምር፣ ገንዘብ ያለው ባለሆቴል እሳተ ገሞራ በሌለበትም ከሺህ ሜትር በታች ወርዶ ስያሜውን ሊያገኝ ይችላል። በ2004 ነጭ ውሃዋ ያስጠራት የሺራሆኔ መንደር ለማንጫ ዱቄት ስትጨምር ተደረሰባትና አገር ጉድ አለ። በማግስቱ ዓመት ውሃ መጨመሩን፣ ማሞቁን፣ አጣርቶ መልሶ መጠቀሙንና መድኃኒት መጨመሩን በግልጽ ለጥፎ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። ከዚህ ጋር ልብስ መቀየሪያው አካባቢ የሚለጠፈው የምርመራ ወረቀት የምንጩን ስም፣ ሙቀትና የማዕድን ይዘት ይዘረዝራል፤ ከሆቴሉ ኮከብ ይልቅ ስለ ውሃው የሚናገረው እሱ ነው።

ከምንጩ በቀጥታ ገብቶ ሞልቶ የሚፈስ ውሃ ከሁሉ ይመረጣል። እየተጣራ የሚዞረው ክሎሪንና ጥብቅ ቁጥጥር ይሻል። በ2023 በፉኩኦካ አንድ ሪዮካን ውሃውን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀይር እንደነበር ሲታወቅ፣ የሌጂዮኔላ ባክቴሪያም ከተፈቀደው መጠን እጅግ በልጦ ተገኝቶበታል። የቅንጦት ማረፊያዎች ለየክፍሉ የግል ገንዳ ሲሰጡ አንዱን ምንጭ ለብዙ ይከፋፍሉታል፤ ስለዚህም ውድ ክፍል ውስጥ የሚዞር ውሃ፣ ርካሹ የመንደር መታጠቢያ ውስጥ ግን ትኩስ የምንጭ ውሃ መገኘቱ አያስገርምም።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ገላን አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፣ ያለ ዋና ልብስ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ይገባሉ። ንቅሳት ያለበትን ሰው የማያስገቡ ቤቶች አሁንም ብዙ ናቸው። በብዙ ቦታ 150 የን የመታጠቢያ ታክስ ይከፈላል፤ ኪዮቶም ከ2026 ጀምሮ በጣም ውድ ለሆኑ ክፍሎች የማደሪያ ታክሷን በሰው በአዳር ወደ 10,000 የን አሳድጋለች። ታክሱ ግን ምንጩን አይሞላም። በሳጋ ግዛት በኡሬሺኖ የፍልውሃው ከፍታ በ2020 ከነበረው 50 ሜትር ገደማ በ2023 ወደ 40 ወርዷል፤ እንግዳና የግል ገንዳ በበዛ ቁጥርም የሚቀዳው ውሃ አብሮ ይጨምራል።