«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም»፦ ስለ ኢንተርኔት የምናወራው ተረትና እውነታው

ኢንተርኔት ሲጎትት ሁላችንም ባለሙያ ነን። አንዱ «ሆን ብለው ቀንሰውት ነው» ይላል፣ ሌላው ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ሦስተኛው ተጨማሪ ከፍሎ ፍጥነት ያሳድጋል። ብዙውን ጊዜ የሚከስረው ሦስተኛው ነው። ብልሽቱ የት እንዳለ ሳያጣራ ገንዘቡን ያወጣልና። አንድ ቪዲዮ እስኪከፈት ድረስ መስመሩ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሳሎን ባለው መንገድ በብዙ ቦታ ሊሰናከል ይችላል፤ የየቦታውም መላ ለየቅል ነው።

«10 ሜጋ ከፍዬ የሚሰጡኝ 1 ሜጋ ነው»

ይህ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የስርቆት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። የቤት መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የ10 ሜጋ መስመር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚታየው ቁጥር 1.25 ገደማ ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅበት መስመሩ የሚጠበቅበትን አድርጓል። ቁጥሩ 0.3 ላይ ቀጥ ካለ ግን ቅሬታዎ ተገቢ ነው።

«ዋይፋዩ ደካማ ስለሆነ ፍጥነት ላሳድግ»

ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ያለችው የመጨረሻዋ አጭር መንገድ ናት፤ የቤት ውስጥ ጣጣ የሚበዛውም እሷ ላይ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ላፕቶፕዎን በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ ከዚያ ኬብሉን ነቅለው መኝታ ቤት ሆነው እንደገና ይለኩ። በኬብል የከፈሉበት ያህል መጥቶ መኝታ ቤት ከግማሽ በታች ከወረደ ጥፋቱ ያለው እቤትዎ ነው፤ 10ሩን 20 ቢያደርጉት ለመኝታ ቤቱ የሚተርፍ ነገር የለም። በኬብልም ካነሰ ግን ወደ አቅራቢው ይደውሉ።

እስቲ ራውተሩ ያለበትን ቦታ ይመልከቱ። በብዙ ቤት ባለሙያው ገመዱን ባስገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አንዳንዴም ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም፤ ሙቀት ግን ያፍናል፣ የጋለ ራውተር ደግሞ ይንቀራፈፋል፣ አልፎ አልፎም ራሱን ያጠፋል። ሞገዱን የሚያስቀሩት ብረትና ውኃ ናቸው፦ ፍሪጅ፣ የውኃ ሮቶ፣ ፌሮ የተጠላለፈበት የኮንዶሚኒየም ግድግዳ፣ ትልቅ መስታወት (ከጀርባው የተቀባው ስስ ብረት ነው ጥፋተኛው)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆርቆሮ። በቆርቆሮ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ «የአከራዬ ዋይፋይ በር ላይ ይይዛል፣ ስገባ ይጠፋል» የሚል ተማሪ እውነቱን ነው።

አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይሰጣሉ። የ2.4 ጊጋኸርዙ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የላይ፣ የታችና የጎን ጎረቤት ራውተር ሁሉ እሱ ላይ ይጋፋል። የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ሳሎን ላለው ቴሌቪዥን 5ቱን፣ ጓዳ ላለው ስልክ 2.4ቱን መስጠት ምንም ወጪ የለውም። ርካሽ ማራዘሚያ ከመግዛትዎ በፊትም አንድ ነገር ይወቁ፦ የሚቀበለውንም የሚያስተላልፈውንም በአንድ ሞገድ ስለሚያመላልሰው ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቆርጠዋል። ላን ኬብል ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይወስዳል። ሰርቪስ ቤቱ ድረስ ኬብል ዘርግቶ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር መትከል፣ ለእኔ ከማንኛውም ማራዘሚያ ይበልጣል።

ጎረቤት ሰረቀኝ ለሚሉም፣ የተገናኙት ስልኮች ዝርዝር በራውተሩ ገጽ ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ ሌባ የለም፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፓስዎርዱን ይዞ ሄዷል እንጂ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ያሉ ስልኮች የዋይፋዩን ኮድ በካሜራ ለሌላ ማጋራት ስለሚችሉ፣ አንድ የሰፈር ልጅ ካገኘው ሰፈሩ ሁሉ አገኘው ማለት ነው። ፓስዎርዱን መቀየር ብቻ ይበቃል።

«መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ መጥፋቱ ግድ ነው»

በፋይበር መስመር ይህ ተረት ነው። ከቴሌ ጣቢያው እስከ ቤትዎ ባለው መንገድ ላይ መስመሩን የሚያከፋፍሉት ዕቃዎች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፤ በመስመሩ የሚጓዘው ብርሃን ነው። ጣቢያው በባትሪና በጄኔሬተር መሥራቱን እስከቀጠለ ድረስ ብርሃኑ ደጅዎ ይደርሳል። የጠፋው የእርስዎ ዕቃ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ሆኖ የሚፈጀው ኃይል ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። ሲገዙ ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አይተው ቮልቱን ያመሳስሉ፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ ዕቃ 12 መስጠት ማቃጠል ነው። መብራት እያለ መስመሩ ከተቋረጠ ደግሞ የፋይበር ዕቃው ላይ ኤልኦኤስ የሚለውን ምልክት ይዩት። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ራውተሩን አሥር ጊዜ ቢያጠፉና ቢያበሩ ለውጥ የለውም።

«ኢንተርኔት ከሳተላይት ስለሚመጣ ዝናብ ያጠፋዋል»

ይህ እምነት ከዲሽ የተወረሰ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በዋናነት በየብስ ተዘርግቶ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር በሚያያዝ ፋይበር ነው። ክረምት ላይ መስመሩ የሚታመመው በሌላ ምክንያት ነው፦ መብራት ይጠፋል፣ አሮጌው የመዳብ ገመድ መጋጠሚያው ላይ ውኃ ይገባበታል፣ ምሰሶ ይወድቃል። ፋይበርን በበጋም በክረምትም የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ቆፋሪ ማሽን ነው።

«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም»

ስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚነግሩን የማማውን ሞገድ ጉልበት እንጂ ማማው ላይ የተሰለፈውን ሰው ብዛት አይደለም። አንድ ማማ ያለውን አቅም በዚያ ሰዓት ለሚጠቀሙት ሁሉ ያካፍላል። ማታ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ወይም በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ፎቶ ሲልክ፣ ሞገዱ ሙሉ ሆኖ ድርሻው ያንሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያው ስልክ ያው ቦታ ላይ የሚፈጥነውም ለዚህ ነው። ትልቅ ፋይል ያለው ሰው የሌሊት ጥቅል ቢገዛ ዋጋውም ፍጥነቱም ይስማማዋል። «ኢንተርኔት አፍጣኝ» የሚሉት አፖች ማማው ላይ ያለውን ሰልፍ አያሳጥሩም፤ ማስታወቂያ እያሳዩ ዳታ ከመብላት ሌላ ያየሁባቸው ሙያ የለም።

ሁለት ሲም መያዝ ግን ይረዳል። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አንደኛው ሲጨናነቅ ወደ ሌላው መዞር የሚቻልበት ሰፈር በርክቷል። ከመግዛትዎ በፊት የጓደኛዎን ሲም ቤትዎ ውስጥ፣ በሚጠቀሙበት ሰዓት ይሞክሩት።

«ቪፒኤን ካለ ሁሉም ይሠራል»

ቪፒኤን ያለውን መንገድ በሌላ በኩል ያዞራል እንጂ የሌለ መንገድ አይፈጥርም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ይሠራ የነበረው ኢንተርኔቱ ራሱ ስላልተቋረጠ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት ከነጭራሹ ሲዘጋ ግን ቪፒኤን ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ፍጥነትም በአብዛኛው ይቀንሳል፣ ዳታም ጨምሮ ይበላል። ነፃ የሆነው ደግሞ የሚጎበኙትን ሁሉ በማያውቁት ሰው ማሽን በኩል ያሳልፋል።

«የካፌ ዋይፋይ ባንክዎን ያራቁታል»፣ «ፓስዎርድ ካለው አያሰጋም»

እርስ በርስ የሚጋጩ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ልክ አይደሉም። ዛሬ የባንክ አፖችና አብዛኞቹ ድረ ገጾች የሚልኩትን መረጃ ቆልፈው ነው የሚልኩት፤ አጠገብዎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሞገዱን ቢጠልፍ እንኳ ይዘቱን አያነብም። በሌላ በኩል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓስዎርድ የሁሉም ስለሆነ አጥር አይሆንም፤ ማንም በስልኩ ሆትስፖት የካፌውን ስም አውጥቶ ሊጠብቅዎ ይችላል። አደጋው የሚጀምረው ዋይፋዩን ሲያገናኙ የሚከፈተው ገጽ ከስምና ከስልክ ቁጥር አልፎ የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቅ ነው። ዋይፋይ ለመስጠት ይህን ቁጥር የሚፈልግ ካፌ የለም።

ከካፌው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ፓስፖርት ስካን ተደርጎ ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል፣ ኢሜይል ሳይዘጋ ይተዋል፣ ቴሌግራም ክፍት እንደሆነ ቀጣዩ ደንበኛ ይቀመጣል። ዲቪ በሰው እጅ አስሞልተው የማረጋገጫ ቁጥሩ ቅጹን የሞላላቸው ሰው ጋ የቀረባቸው ሰዎች ጉዳቱን ያውቁታል፤ ያለዚያ ቁጥር ውጤት ማየት አይቻልምና። ስለዚህ ከወንበሩ ከመነሳትዎ በፊት ከኢሜይልዎ ይውጡ፣ ፋይሉን ከዴስክቶፑም ከቆሻሻ መጣያውም ያጥፉ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ካለ በራስዎ ስልክ ፎቶ ያንሱት። ቴሌግራም ከፍተው ረስተው ከወጡም ተመልሶ መሄድ አያስፈልግም፤ ስልክዎ ላይ በሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ኮምፒውተሩን ከዚያው ያስወጡት።