ካራማራን በየት በኩል እንቅረጸው?

ለመመረቂያችን ስለ ጅጅጋ የሠራነውን ፊልም መክፈቻ ሁለት ጊዜ ቀርጸነዋል። የመጀመሪያውን ከሐረር በባቢሌ በኩል ስንመጣ ከመኪና መስኮት ቀረጽነው። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፣ ካራማራ ይደርሳል፣ ከማዶው ሜዳው ይዘረጋል። ተራኪው ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ጦር እዚህ ድል መንሳቱን ያወሳል። ለእኛ ያምር ነበር።

ካረፍንበት ደጃፍ ሻይ የሚሸጡ እናት በካሜራው ስክሪን አይተው «ይሄ የእንግዳ ካራማራ ነው፤ የእኛው ፀሐይ የሚገባበት ነው» አሉን። (አማርኛቸው ከእኔ ሶማሊኛ እጅግ ይሻላል።) እውነታቸውን ነው፤ ተራራው ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው።

መክፈቻ መረጃ ማቀበያ ይመስለን ነበር። ከመረጃው በፊት ግን ተመልካቹ ታሪኩን በማን ዓይን እንደሚያይ ይወስናል፤ ያንን በኋላ ማስለወጥ ከባድ ነው። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስለ መሬት ሥሪት ከማስረዳቱ በፊት የጭሰኛውን ቤተሰብ ማለዳ ያሳየናል።

ሁለተኛውን ከጅጅጋ ሰገነት ላይ፣ ካሜራውን ሳናነቃንቅ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ቀረጽን። 40 ሰከንድ፣ ያለ ተራኪ፤ የሚሰማው የባጃጅና የአዛን ድምፅ ብቻ ነው። ከፈታኞቻችን አንዱ «ድሉ የት ሄደ?» ብለው ነጥብ ቀነሱብን። ድሉ 6ኛው ደቂቃ ላይ አለ።