አርአያ በሬዲዮም ይገኛል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል፦ «ጥሩ አርአያ የሚሆነኝ ሰው አጣሁ፤ ምን ላድርግ?» እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ዘመን አርአያ ያጣ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ስልካችን በአርአያ ተጨናንቋል። ያጣነው ሥራችንን ጠጋ ብሎ አይቶ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል» የሚለንን ሰው ነው። አርአያና መካሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሩጫ ስለምወድ ከዚያው ላስረዳ።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ፣ አሰላ አካባቢ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ሯጭ የመሆን ሐሳብ ያደረበት ያኔ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ምሩጽ ግን ልጁን አያውቀውም፤ አንድ ዙር እንኳ አላሠለጠነውም። «የእኛ አገር ሰው እዚያ ይደርሳል» የሚል እምነት ብቻ አስጨበጠው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ሆኖም ሬዲዮ የልጁን አረጋገጥ አያይም። ለዚያ በኋላ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያለ፣ ሰዓቱን ይዞ ሜዳ ዳር የሚቆም፣ ሲያስፈልግም የሚቆጣ ሰው መጣ።

የመካሪ ሥራ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚታየኝ ግን ሮም ላይ ነው። ጳጉሜን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ። ሁላችንም ለልጆቻችን የምንተርከው ባዶ እግሩን ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሠራውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሁለቱ ከውድድሩ በፊት መንገዱን አብረው አይተውት ነበር። ጣሊያኖች ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ትንሽ ዳገት ያለበት ነው። የሚፈተለከው እዚያ ሲደርስ እንዲሆን ተስማሙ። በዕለቱ አበበ ከሞሮኳዊው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄደ፤ በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው። ሳንባውም እግሩም የአበበ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ግን ጉልበትህን የት ቦታ ላይ ማውጣት እንዳለብህ አብሮህ መንገዱን አይቶ የሚነግርህ ሰው ሲኖር ነገሩ ይለያል። ኒስካነን ራሱ ደግሞ የኦሎምፒክ ማራቶን አሸናፊ አልነበረም።

ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መካሪ ስትፈልጉ ዓይናችሁ ዝነኛ ሰው ላይ፣ ባለሀብት ላይ ይሄዳል። በቆጂን እዩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ገና በልጅነታቸው ያለፉት በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ነው። ስንታየሁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ሜዳሊያ የለውም፤ ልጆቹን ግን በየቀኑ ያያቸው ነበር። የእናንተም መካሪ ምናልባት መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የተቀመጠው፣ ብዙም የማይናገረው ሰውዬ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ለማያውቋችሁ ሰው «ሜንተር ይሁኑኝ» ብላችሁ አትጻፉ። ከባድ ሸክም ነው፤ ሰው ይፈራዋል። የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱና «ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ቢያዩልኝ» በሉ። ደብዳቤ ይሁን፣ የልብስ ስፌት ይሁን፣ የሒሳብ መዝገብ ይሁን። ከዚያ የተባላችሁትን አስተካክላችሁ ተመለሱና አሳዩ። ይህቺ መመለስ ናት ዋናዋ። አብዛኛው ሰው ምክሩን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ እዚያው ይጠፋል፤ መካሪውም ሁለተኛ ጊዜ ለመምከር ልቡ አይነሳሳም።

በነገራችን ላይ፣ በቴሌግራም እየተሸጠ ያለውን «ሜንተርሺፕ» በተመለከተ ለምትጠይቁኝ፦ ሥራችሁን አንድም ቀን ሳያይ ለመቶዎች አንድ ዓይነት የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ደግሞ በነፃ ይሰማል።

አርአያ የሆነ ሰው ሲቀደም ምን ይሆናል የሚለውም ያስገርመኛል። በ1996 ዓ.ም. ቀነኒሳ የኃይሌን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች በሳምንት ልዩነት ወሰዳቸው። በዚያው ክረምት አቴንስ ላይ ኃይሌ በጉዳት እያነከሰ ሲሮጥ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየዞሩ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። አልሆነለትም፤ አምስተኛ ወጣ፣ እነሱ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። በውድድር ሕግ ቢታይ ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያደጉት በእሱ ስም ነዋ!

አሁን ወደ እናንተ። በዚህ ሳምንት የሠራችሁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ያልጨረሳችሁትም ቢሆን ችግር የለውም። ከእናንተ ትንሽ ቀደም ላለ፣ በእግራችሁ ልትደርሱበት ለምትችሉት ሰው አሳዩት። ምን እንዳላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የተቆጣችሁም ጻፉ።