ደሙ ረግቶ ፕሌትሌቱ ሲያንስ

ይህን የምነግራችሁ ከላብራቶሪው በር ውስጥ ሆኜ ነው። አሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ። በሽተኛውን አላየውም፣ እሱም አያየኝም። ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣው ጣት በምታህል ብልቃጥ፣ ወይን ጠጅ ክዳን ተደፍቶባት ነው።

መጀመሪያ የሥራችንን ገበና ላውጣ። ማሽኑ «ፕሌትሌት 30 ሺህ» ብሎ ሲጽፍ ቶሎ አናምነውም። ፕሌትሌት ማለት ደምን የሚያረጋው ትንሽ የደም ክፍል ነው። የጤነኛ ሰው ልክ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው። ይሁንና ብልቃጧ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚደረገው ኬሚካል የአንዳንዱን ሰው ፕሌትሌት እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ማሽኑም የተጣበቀውን በትክክል መቁጠር ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ቀብተን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ካልጠራልን ነርሷን «በሰማያዊ ክዳን እንደገና ቅጂልን» እንላታለን።

ሁለተኛው ገበና ከዚህ ይብሳል። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሲገኝና በሽተኛው ትኩሳትና ጉንፋን እንዳለበት ሲነገረን «በቃ፣ ቫይረሱ ነው ያወረደው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ልክ ነን፤ ቫይረስ ፕሌትሌት ያወርዳል። ፋይሉም በዚያው ይዘጋል።

አንዳንድ ሌሊት ግን ስልኩን ሳነሣ ከወዲያ ያለው ሐኪም «አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቷል» ይላል። እዚህ ላይ ነው ወንበሬን የማስጠጋው። ፕሌትሌት ያነሰው ሰው ይደማል እንጂ ደሙ ይረጋል ተብሎ አይጠበቅም። ታዲያ ማርጊያው እያነሰ ደሙ በምን ረጋ? አንዱ መልስ እንዲህ ነው፦ ፕሌትሌቱ ያነሰው ራሱ በመርጋቱ ላይ ስላለቀ ነው።

በሙያችን ውስጥ ብዙ የተወራለት አንድ ታሪክ አለ። ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ዘንድ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ለሕክምና ይመጣል። የያዘው አዴኖቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ጉንፋን፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን መቅላትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ልጅ ያሳደገ ሁሉ በስሙ ባያውቀውም በሥራው ያውቀዋል። ልጁ ግን ከአንጎሉ ደም የሚመልሱት ትልልቅ ሥሮች ረግተው ተዘጉበት። ውኃው መግባቱን ሳያቆም ፍሳሹ እንደ ተደፈነ ቤት ማለት ነው። ፕሌትሌቱም አሽቆለቆለ።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሄፓሪንን ነው። ሄፓሪን ደም ማቅጠኛ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ደም ያረጋል፣ ፕሌትሌትም ያወርዳል። ልጁ ግን ሄፓሪን ነክቶት አያውቅም። ከአዴኖቫይረስ የተሠራውን የኮቪድ ክትባትም አልተከተበም። የደም ሐኪሙ ስቴፋን ሞል ግራ ቢገባቸው በካናዳ፣ ሃሚልተን፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኙት ቴዎዶር ዋርከንቲን ዘንድ ደወሉ። ዋርከንቲን በሄፓሪን ሰበብ በሚመጣው መርጋት ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው።

በዚያው ቀን የሞል ስልክ እንደገና ጮኸ። ከቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ የደወለችው የቀድሞ ተማሪያቸው አሊሰን ሬይቡልድ ነበረች። እጇም እግሯም ደም የረጋባት፣ ስትሮክና የልብ ጥቃት የደረሰባት፣ ፕሌትሌቷ የወረደ ሴት ይዛለች። የሴትዮዋም ሕመም የጀመረው በሳልና በትኩሳት ነበር፤ ምርመራዋም አዴኖቫይረስ አሳየ። በሁለቱም ሕመምተኞች ደም ውስጥ ፕሌትሌት ፋክተር 4 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ተገኘ። ጉዳዩ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ።

ፕሮቲኑ የሚገኘው ፕሌትሌቱ ራሱ ውስጥ ነው። አንቲቦዲው ተጣብቆበት ሲከማች ሌሎች ፕሌትሌቶችን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሱትም ያንኑ ፕሮቲን ጨምረው ይተፋሉ። እሳቱ ማገዶውን ራሱ ያመጣል።

ይህን አንቲቦዲ ያስፈለገን ዕለት ልናገኘው የቻልነው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተፈጠረ ድንጋጤ ምክንያት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦስሎ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ32 እስከ 54 የሆነ አምስት የጤና ሠራተኞች አስትራዜኔካ የተባለውን የኮቪድ ክትባት በተከተቡ በቀናት ውስጥ ደማቸው ረጋ፤ ፕሌትሌታቸውም ወረደ። በጀርመን ግራይፍስቫልድ አንድሪያስ ግራይናኸር አንቲቦዲውን አገኙት። ዴንማርክ ክትባቱን ለጊዜው ያቆመችው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2፣ 2013 ነበር፤ አገራችን ኢትዮጵያ ደግሞ ያንኑ አስትራዜኔካ መስጠት የጀመረችው መጋቢት 4 ነው። የዚያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የደወለልኝ ዘመድ ብዛቱ! «ልከተብ ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። መርጋቱ እጅግ ብርቅ እንደሆነ፣ ኮቪድ ራሱ ደም እንደሚያረጋ ነግሬያቸው ነበር።

አስትራዜኔካ የተሠራው ከቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ ነው፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ ከሰው አዴኖቫይረስ። ያ መርጋት የተያያዘው ከነዚህ ጋር ነው እንጂ ከፋይዘር ዓይነቶቹ ጋር አልነበረም። በ2024 እ.ኤ.አ. ግራይፍስቫልድና የአውስትራሊያው ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ሲያወዳድሩ የተከተቡት ሰዎች አንቲቦዲና በጉንፋን ሰበብ የታመሙት ሰዎች አንቲቦዲ አሻራቸው አንድ ሆኖ ተገኘ።

አዴኖቫይረስ የታወቀው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ልጅ ድረስ 70 ዓመት ያህል ስናውቀው ኖረናል። ክትባቱ ባያስደነግጠን ኖሮ ያንን አንቲቦዲ ጉንፋን በያዘው ልጅ ደም ውስጥ ማን ይፈልገው ነበር? እኔን የሚያሳስበኝ የበፊቱ ነው። «ቫይረሱ ነው ያወረደው» ብለን በዘጋነው ፋይል ውስጥ ስንቱ ይኖር ይሆን?

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። በየሆስፒታሉ ያለው ፈጣን የሄፓሪን ምርመራ የተሠራው ለሄፓሪኑ አንቲቦዲ ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ማሽኑ «ኔጌቲቭ» ይላል፣ በሽታው ግን አለ። የሚይዘው ኤላይዛ የተባለው ቀርፋፋው ምርመራ ነው። ሐኪሙ የጠረጠረውን ካልነገረን እኛ ፈጣኑን ሠርተን እንልክለታለን፤ ሁላችንም ሥራችንን በትክክል ሠርተን ሰውየው ይጎዳል። ጥርጣሬው ቶሎ ከመጣ ግን ከሄፓሪን ውጭ ያለ ደም ማቅጠኛና ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ በደም ሥር ይሰጣል፤ እሳቱም ሊበርድ ይችላል።

ለእናንተ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው። ጉንፋን ሁሉ አያስፈራ። ነገር ግን ከጉንፋን በኋላ እየባሰ የሚሄድ፣ ስትተኙ የሚጠና ራስ ምታት፣ ከማስመለስ፣ ከዓይን መደብዘዝ ወይም ከሚጥል ሕመም ጋር ከመጣ ቤት አትቀመጡ። ተራው ሲቲ ስካን ንጹሕ ቢመስል እንኳ ደም መላሽ ሥሮቹን ለይቶ የሚያሳይ ምስል ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

እኔም ልማዴን ቀይሬያለሁ። ዝቅ ያለ ቁጥር ሲመጣ ስላይዱን አይቼ፣ ስልኩን አንሥቼ «ይህ ሰው የረጋ ደም አለው ወይ? ሰሞኑንስ ጉንፋን ይዞት ነበር ወይ?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልኝ «የለም» ነው፤ አንዳንዱም በዚህ ሌሊት ምን አገባሽ በሚል ድምፅ ነው የሚመልስልኝ። አመስግኜ እዘጋና ወደሚቀጥለው ብልቃጥ እዞራለሁ።