ለስብሰባ ነው የምትሄዱት ወይስ ለመቅረት?

ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ካፌ ጎራ ብላችሁ ጆሮ ጣል ብታደርጉ «እገሌ እኮ ለኢንተርኔት ኮንፈረንስ ውጭ ሊሄድ ነው» የሚል ወሬ አታጡም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ስለ ኮንፈረንሱ አይደለም። ምን ሊማር ነው? ምን ሊናገር ነው? የሚል የለም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። «ይመለሳል?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህች ጥያቄ ስንቱን ወጣት እንቅልፍ እንደነሳች ብታውቁ! ቤተሰብ በአንድ በኩል፣ ጓደኛ በሌላ በኩል፣ ደላላ ደግሞ በመሀል ገብቶ ልጁን ወጥረው ይይዙታል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ገበያ ወይስ ሸንጎ?

የኢንተርኔት ስብሰባ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ገበያ ነው። በየዓመቱ በኅዳር ወር ገደማ ሊዝበን ላይ የሚካሄደውን ዌብ ሰሚትን ውሰዱ። ሐሳብ ያለው ገንዘብ ያለውን ይፈልጋል፣ ገንዘብ ያለው ሐሳብ ያለውን ይፈልጋል፣ ለመግባትም ትኬት ይቆረጣል። ሌላው ደግሞ ሸንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመውና የድረ ገጽ ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየተራ በተለያዩ ከተሞች ይሰበሰባል። የተመዘገበ ሁሉ ይገባል፤ መመዝገቢያው ነጻ ነው። 80ኛው ስብሰባ ከሰኔ 3 እስከ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በኪጋሊ ተካሂዷል።

«መመዝገቢያው ነጻ ቢሆን የአውሮፕላኑን ማን ይከፍላል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ «ፌሎውሺፕ» የሚባል ድጋፍ አለው። ተወዳድሮ ያለፈ ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴልና የአበል ወጪው ይሸፈንለታል። ማመልከቻው ስብሰባው ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት ይዘጋል፤ በኢንተርኔት የሚሰጡ ነጻ ትምህርቶችንም አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሰው አለኝ» ሳይሆን «ተዘጋጅቻለሁ» የሚል ነው የሚያልፈው።

ደላላው ሲመጣ

«ስብሰባ አለ፣ የግብዣ ወረቀት አለኝ፣ ይህን ያህል ብር አምጡ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በቅድሚያ የስብሰባውን አዘጋጅ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጠይቁ። የማታውቁት ስብሰባ የማታውቁትን ስማችሁን «ተናጋሪ» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ከመነሻው ጠማማ ነው። ኤምባሲ ውስጥ የሚጠየቀው ወረቀቱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። «ስለ ምንድን ነው የምትሰበሰቡት?» ሲባሉ አፋቸው የተሳሰረ ስንት አሉ!

ሒሳቡንም እወቁት። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ሩዋንዳ ግን ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች የ30 ቀን ቪዛ ያለ ክፍያ ትሰጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ቅርቡን ቢያስቀድም ፋራ አያሰኘውም።

አራት ቀን በዝምታ

ኪጋሊ ደርሳ የመጣች አንዲት የ24 ዓመት ወጣት እንዲህ አጫወተችን። «ሻንጣዬን ስዘጋ እናቴ ስለ ብርድ ነበር የምትጨነቀው። አጎቴ ግን ለብቻዬ ጠርቶኝ ‹ከዚያ ወደ ሌላ አገር መውጫ ካገኘሽ እንዳትመለሺ› አለኝ። ስብሰባው ላይ ተቀምጬ የሚወራው አይሰማኝም፣ የአጎቴ ቃል ነው የሚሰማኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ባጇን አንጠልጥላ፣ ማስታወሻ እየጻፈች፣ ቃል ሳይወጣት ዋለች። እንግሊዝኛዋ ለጥናት ይበቃል፤ ለሙግት ግን አልደፈረችም። በአራተኛው ቀን በሻይ ሰዓት አንድ አዛውንት ኬንያዊ «አንቺ ከየት ነሽ? የእናንተ ፊደል ጉዳይ ምን ደረሰ?» አሏት። ስለ ራሷ ፊደል ሌላ ሰው ሲጠይቃት መልስ አጣች። «ያን ቀን ነው ለምን እንደመጣሁ የገባኝ» ትላለች።

እውነትም ጉዳዩ የእኛ ነው። ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው የድረ ገጽ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ የሚያስችለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአረብኛ፣ ከጆርጂያ፣ ከክመር፣ ከላኦና ከታይ ፊደላት ጋር በአንድነት ወጥቷል። የደከሙበት ባለሙያዎች ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱ እኛ በየቀኑ የምንስቅበት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ሲነበቡ አንድ ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ አለ። አንዱ ስም ለእናንተ፣ ሌላው ለአጭበርባሪ ቢሰጥ ደንበኛው በምን ይለያል? ይህን ለሌላው ዓለም የሚያስረዳ የፊደሉ ባለቤት እንጂ ሌላ ማን ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ዝም ያለ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

እነሆ ምክራችን

አንደኛ፦ የስብሰባውን ፕሮግራም ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡና አንድ፣ አንድ ብቻ ጥያቄ በወረቀት አዘጋጁ። በአይካን የሕዝብ መድረክ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፤ መግቢያ ስታበዙ ጊዜያችሁ ያልቃል።

ሁለተኛ፦ ሥራው አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሻይ ሰዓትም ነው። ከአበሻ ጋር ብቻ ጥግ ይዛችሁ አትቁሙ። ስማችሁንና ሥራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ቤታችሁ መስታወት ፊት ተለማመዱ።

ሦስተኛ፦ ሰዓት! ኪጋሊ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። «9 ሰዓት» ሲሏችሁ ከጠዋቱ ሦስት ማለታቸው ነው፤ ከምሳ በኋላ ብቅ ብትሉ ባዶ ወንበር ነው የሚጠብቃችሁ። ዕቃችሁንም በፌስታል ቋጥራችሁ አትሂዱ፤ እዚያ አገር ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

አራተኛ፦ የጫማና የሽቶ ትእዛዝ ከመቀበላችሁ በፊት «አበሌ የምግቤ ነው» በሉ። ማስቀየም ከመራብ ይሻላል።

ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ

መቅረት ወይስ መመለስ? በአገሩ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው ጥገኝነት መጠየቅ መብቱ ነው፤ በእርሱ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን በሌላው ግፊት፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ዘመድ፣ ባጁን ጥሎ የሚጠፋ ልጅ ሁለት ነገር ይወቅ። የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው የሚያገኘው ሥራ ጌታው ሲፈልግ የሚከፍለው፣ ሳይፈልግ የሚከለክለው ነው። በሸንገን አገሮች ደግሞ «ይመለሳል ብለን አላመንም» ማለት በሕግ የተጻፈ የቪዛ መከልከያ ምክንያት ነው። የአንዱ መጥፋት ከኋላው የሚመጣውን ልጅ በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርገዋል። ያ ልጅ ምናልባት የዓመት ልፋቱን ይዞ የቆመ ይሆናል።

ወላጆችና አጎቶችም ሆይ! ልጃችሁ ለስብሰባ ሲሄድ የሕይወቱን ውሳኔ በሻንጣው ውስጥ ሸጉጣችሁ አትላኩት። ከወሰነ በራሱ፣ በቀን ብርሃን፣ መንገዱን አጥንቶ ይወስን።

ያቺ ወጣት ተመልሳለች። ከኪጋሊ ያመጣችው ሽቶ ሳይሆን የአሥራ አንድ ሰው አድራሻ ነው። አጎቷ እስከ ዛሬ አኩርፈዋታል። እሷ ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ፊደላችን የምትጠይቀውን ጥያቄ ጽፋ ጨርሳለች።

ቸር ይግጠመን!