ኮከብ ማን ይባል? ከ1954ቱ ዋንጫ እስከ 29ኙ ግቦች

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት ጎንደር አልገባም። የወሰደው ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው የኢትዮጵያ ቡና አጥቂ አቡበከር ናስር ነው። 29 ግብ አስቆጥሯል፤ በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል ያገባ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል የሚል ብዙ ነው። የፋሲል ወገን ግን መልስ አያጣም፦ ዋንጫ ካነሳ ቡድን ውስጥ ከሁለተኛው ቡድን አጥቂ የሚበልጥ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሱራፌል ዳኛቸው መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ሲያከፋፍል፣ ያሬድ ባየህ ተከላካዩን ሲመራ፣ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ በሩን ሲጠብቅ የከረመበት ዓመት ነው።

ክርክሩ ራሱ የቆየ ነው፤ አዲስ የነበረው ተከራካሪዎቹ ጨዋታውን በዓይናቸው ማየታቸው ነው። ሊጉ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። 13 ክለቦች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰባሰቡ ተጫወቱ። ለሚ ኩራም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ የሆነው በዚያው በ2013 ነው። እዚያው በአያት፣ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በር ላይ ባለች ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የሚጻፈው እስከዚያ ድረስ የአርሴናልና የማንቸስተር ሰዓት ነበር። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ እዚያችው ሰሌዳ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ስታዲየም የማይገባ የአዲስ አበባ ልጅ ክፍለ ሀገር ላይ ስለሚጫወት አማካይ ሲከራከር በሬዲዮ የሰማውን ነበር የሚመልሰው።

ያም ሆኖ ከስክሪኑ ፊት የተነሳው ክርክር ዞሮ ዞሮ ያረፈው ግብ ላይ ነው። የግብ ቁጥር ደግሞ የሚመስለውን ያህል ግልጽ አይደለም። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. በመብራት ኃይል ማልያ 24 አገባ፤ ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆይቶ በ2009 በደደቢቱ ጌታነህ ከበደ በአንዲት ግብ ተሻሻለ። የጌታነህ 25 ግቦች የመጡት 16 ክለቦች ባሉበት፣ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ ባደረገበት ሊግ ነው። በአቡበከር ዓመት አንድ ክለብ ያደረገው 24 ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ የአቡበከር ወገን በስድስት ጨዋታ ባነሰ ዕድል አራት ግብ መጨመሩን ያነሳል። የጌታነህ ወገን ደግሞ የ2013ቱ ሊግ ሙሉ አልነበረም ይላል፤ የወቅቱ ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት አልተሳተፉም፣ ሁሉም በየተራ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ስለተጫወቱም በባለሜዳ ደጋፊ ጩኸት መሃል ገብቶ ማግባት የሚባለው ፈተና ቀርቷል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ድምፅ ቢኖረኝ እኔም ለአቡበከር እሰጥ ነበር። የሚቆረቁረኝ ውጤቱ ሳይሆን ከግብ ሌላ የምንከራከርበት ነገር በእጃችን አለመኖሩ ነው።

ምክንያቱ ከወረቀቱ ይጀምራል። ዳኛው ከጨዋታ በኋላ በሚሞላው ሪፖርት ላይ ግብ፣ ካርድ፣ ቅያሪና ደቂቃው ይሰፍራል። ያቺን ግብ ያመቻቸው ማን እንደሆነ፣ በሰባኛው ደቂቃ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረውን የቀኝ መስመር ሮጦ የሸፈነው አማካይ ማን እንደነበር፣ በረኛው ስንት ጊዜ ቡድኑን እንዳተረፈ አይጻፍበትም፤ ለዳኛ ሥራም አያስፈልግም። ችግሩ በብዙዎቹ የአገራችን ውድድሮች ከዚያ ሪፖርት ውጭ የሚቀር ሌላ መዝገብ አለመኖሩ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኮከብ ምረጡ የተባለ ሰው እጁ ላይ ያለው የግብ ሰንጠረዥ ነው። የተቀረው ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ያጎላል፣ የጥቅምቱን ይረሳል።

ይህ እስከ ሰፈር ይወርዳል። በለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ግንባታ ያልደረሰባቸው ሜዳዎች ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር የብሎክ ለብሎክ ውድድር አይጠፋም። መዝጊያው ዕለት በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዋንጫ ይደረደራል፤ ትልቁ ለአሸናፊው፣ መካከለኛው ለኮከብ ግብ አግቢ፣ ትንሿ ለኮከብ ተጫዋች። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ እጅ ይገባሉ፤ ካልገቡ ደግሞ ኮከብ ተጫዋችነት "እሱም ዋንጫ ይውሰድ" ለተባለ ለተሸናፊው ቡድን አምበል መጽናኛ ይሆናል። ዳር ላይ ቆመው ሁሉንም ጨዋታ ያዩት ጋሼዎች ግን ማን እንደነበረ ያውቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት አንድ ቀጭን የመሃል ተከላካይ ነው፤ ማንም አይጠይቃቸውም እንጂ።

በአገር ደረጃ የዚህ ክርክር አንጋፋው ከስድስት አስርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ባዳዊ ሁለት ጊዜ ግብፅን አስቀደመ፤ ተክሌ በ74ኛው፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ መዝጊያውን አስቆጠሩ። መንግሥቱ ከባዳዊ ጋር በእኩል ሦስት ግብ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ፤ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ በጠቅላላው 10 ግብ አለው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ግን ሉቻኖ ነው።

ከሁለቱ ማን ይበልጣል? የጊዮርጊስ ቤት ሰው መንግሥቱን ሳይጠራ ቀን አይመሽለትም፤ ቀጥሎም ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ በ1980 የሴካፋን ዋንጫ ማስገኘቱን ይጨምራል። አሥመራ የተወለደው፣ የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ሰው ሉቻኖ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን በጣሊያን አሳለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፈ። እዚህ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ስሙን የሚያነሳለት ሰው ይበዛ ነበር ብዬ አስባለሁ። የጨዋታው ፊልም በእጁ ያለ ሰው ጥቂት ነውና ክርክሩ በአብዛኛው ማን ምን አለ በሚል የሚሄድ ነው።

ሌላው ጥግ የውጭ ዜጋ ነው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ገና ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አገባ። በ2015 ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ቶጎአዊ እስማኤል ኦሮ አጎሮ 25 አድርሶ ክለቡ ዋንጫውን ወሰደ። ሽልማቱ የአገር ልጅ ማበረታቻ ነው የሚለው ወገን እንዲህ ባለ ዓመት ድምፁ ከፍ ይላል። ክርክሩ ግን ውኃ አይቋጥርም። የአገር ልጅ ማበረታታት ካስፈለገ ለወጣት ተጫዋች የተለየ ሽልማት መስጠት ይቻላል፤ ኮከብ ብለው ጠርተው ፓስፖርት መጠየቅ ግን ለተሸላሚውም ክብር አይሆንም።

ግብ ያገባ ሁሉ ይሸለማል የሚለው አድልዎ የእኛ ብቻ አይደለም። ባሎን ዶር እ.ኤ.አ. በ1956 ከተጀመረ ወዲህ የወሰደው በረኛ አንድ ብቻ ነው፤ ሌቭ ያሺን፣ በ1963። አፍሪካ በዚህ ትሻላለች፦ ካሜሩናዊው ቶማ ንኮኖ በ1979ና በ1982፣ ሞሮኳዊው ባዱ ዛኪ በ1986 በረኛ ሆነው የአህጉሩ ኮከብ ተብለዋል። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የሚሰጥ ሄይዝማን የሚባል ዋንጫ አለ። ፉትቦል ሲሉ በእጅ የሚያዘውን የእነሱን ጨዋታ ነው። አገሩን ለስድስት ቀጠና ከፍለው ለእያንዳንዱ ቀጠና 145 የጋዜጠኛ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የቀድሞ ተሸላሚዎች በሙሉ ይመርጣሉ፣ ሕዝቡም በጋራ አንድ ድምፅ አለው። መራጩ ሦስት ስም በቅደም ተከተል ጽፎ ሦስት፣ ሁለትና አንድ ነጥብ ያስይዛል። ቀጠና መከፋፈሉ የአንዱ ጥግ ጋዜጠኞች በጎረቤታቸው ልጅ ላይ ተሰብስበው እንዳይወስኑ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሽልማቱ በአብዛኛው ኳሱን በሚያቀብለው በኳርተርባክ ቦታ በሚሰለፍ ሰው እጅ ይወድቃል፤ በዋናነት ተከላካይ ሆኖ ለማሸነፍ የመጀመሪያው ቻርልስ ዉድሰን ነው፣ በ1997። የምርጫ ደንብ አድልዎን ያለዝባል እንጂ መራጩ ያላየውን አያሳየውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ባሎን ዶር ለሮድሪ ሲሰጥና ሪያል ማድሪድ ተቆጥቶ ከሥነ ሥርዓቱ ሲቀር ከሲኤምሲ እስከ ጎሮ ያልተከራከረ የኳስ ወዳጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ግብ የማያበዛ፣ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ጨዋታውን የሚያስተካክል አማካይ ቪኒሲየስን ሊበልጥ ይችላል ብሎ አፉን ሞልቶ የተከራከረ የሰሚት ልጅ አውቃለሁ፤ የኳስ ቅብብሉን በመቶኛ ይጠራል። ይኸው ልጅ ጊዮርጊስ በ2014 ዋንጫ ሲወስድ እዚያው ቦታ ላይ ስለተጫወተው ጋቶች ፓኖም ሲጠየቅ "ጉልበተኛ ነው" ከማለት አያልፍም። አላየውም ማለት አይደለም። የሚጠራው ቁጥር የለውም። ማድሪድና ማንቸስተር ላይ ቆጥረው የሚያቀርቡለት ሰዎች አሉ፤ አገር ቤት ግን የሚቆጠርለት ግብ ብቻ ነው።

አትሌቲክስ ውስጥ ሰዓት ስላለ ጠቡ ይቀላል ይባላል። እውነት አይመስለኝም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቀነኒሳ በ2004ና በ2005 የዓለም የዓመቱ ምርጥ አትሌት ተብለዋል፤ ማን ይበልጣል የሚለው ግን እስከ ዛሬ ቡና ያስፈላል።

በሴቶች እግር ኳስ ክርክሩ የሚያጥረው በሌላ ምክንያት ነው። ሎዛ አበራ በደደቢትና በንግድ ባንክ ማልያ በግብ አግቢነት ዓመታት ነገሠች፤ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወትም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር አመራች። ይገባታል። ነገር ግን ኮከብ የሚለው ቃል በእሷ ስም ላይ ብቻ መቆሙ የሌሎቹን ሥራ ሸፍኖታል። የብሔራዊ ቡድኑን በር የጠበቀችው ታሪኳ በርገና ስንት ኳስ እንዳዳነች የሚነግረን መዝገብ የት ነው? የሴቶቹ ጨዋታ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ከወንዶቹ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ እሷን በረኛ ብሎ ለኮከብነት የሚያጭ ሰው የግድ ሜዳ ድረስ የሄደ መሆን አለበት።

ድምፁን ማን ይስጥ የሚለውም አልተቋጨም። አሰልጣኝ ያውቃል፤ ግን የራሱን ልጅ ያስቀድማል። አምበል ከሜዳው ውስጥ ሆኖ ያያል፤ ያጋጠመውን እንጂ ያልገጠመውን አያይም። ጋዜጠኛ ብዙ ጨዋታ ይከታተላል፤ ክለብ ደግፎ ያደገ ሰው መሆኑ ግን አይቀርም። በስልክ የሚሰበሰብ የሕዝብ ድምፅ ከሆነ ሁለቱ የሸገር ክለቦች ደጋፊ በቁጥር ብቻ ይጨርሱታል። ፊፋ የዓለም ምርጥ ተጫዋቹን ሲመርጥ ከየአገሩ የብሔራዊ ቡድን አምበል፣ አሰልጣኝና አንድ ጋዜጠኛ ድምፅ እንዲሰጡ አድርጎ ማን ለማን እንደሰጠ በስም ያወጣዋል። የኢትዮጵያ አምበልም እዚያ ውስጥ አለ። ባሎን ዶር ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በወንዶች የሚያስመርጠው ከፊፋ ደረጃ አንደኛ እስከ መቶኛ ያሉትን አገሮች ጋዜጠኞች ብቻ ስለሆነ እኛ ወጥተናል። ለአገር ቤቱ ሽልማት ከሁሉ የሚቀለው የፊፋው መንገድ ነው፦ እያንዳንዱ መራጭ ሦስት ስም ጽፎ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ መስመር ምክንያት ያስቀምጥ፣ ዝርዝሩም ከሽልማቱ ማግሥት ይለጠፍ። አሰልጣኙ ለራሱ አጥቂ ከሰጠ ይታያል፤ ለተጋጣሚው በረኛ ከሰጠም ለምን እንደሰጠ ይነበባል።